በጎ ፈቃደኛዋ የሠራችው ይጻፍላት

የሥራ ማስታወቂያ የሚያነብ አዲስ ተመራቂ ዓይኑ ቀድሞ የሚሮጠው «የሥራ ልምድ» ወደሚለው ነው። «0 ዓመት» የሚል ካገኘ ዕድለኛ ነው። ሁለትና ሦስት ዓመት ሲጠየቅ ግን ከየት ያምጣው?

ብዙዎቹ ልምድ አላቸው፤ የሚቆጥርላቸው ነው የጠፋው። በየክረምቱ በየሰፈሩ የሚሰጠውን ነፃ የማጠናከሪያ ትምህርት እዩ። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የስድስተኛ ክፍል ልጆችን ክፍልፋይ ታስተምራለች። ትናንት አልገባቸውም። ዛሬ ሰሌዳው ላይ ድፎ ዳቦ ሥላ ለስምንት ትቆርጠዋለች። ስም ትጠራለች፤ ልጅ ከቀረ እናቱ ጋ ትደውላለች። ከኋላ ተቀምጦ የሚረብሸውን አስነስታ ጠመኔውን ታስይዘዋለች። ማቀድ፣ ሰው ፊት መናገር፣ ሰው መያዝ ማለት ይሄ ነው። ቀጣሪዎች ከተመራቂ አጣን የሚሉት ይህንኑ ነው።

መስከረም ሲጠባ ማኅተም ያረፈበት የምስጋና ሰርተፊኬት ይሰጣታል። ምን እንደሠራች፣ ስንት ሰዓት እንደሠራች፣ ማን እንዳያት አይናገርም። ቀጣሪው በዚህ ምን ይወስን? እኔን የሚያንገበግበኝ እዚህ ጋ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደመወዝተኛ ሥራ ሲለቅ የሥራውን ዓይነትና የአገልግሎት ዘመኑን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት እንዲሰጠው ያዛል። ለበጎ ፈቃደኛም ተመሳሳይ ወረቀት መጻፍ ምን ይከብዳል? አገልግሎትን መቁጠር ለእኛ አዲስ አይደለም። ከ1957 ዓ.ም ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ለመያዝ አንድ ዓመት ማገልገል ነበረባቸው። ብዙዎቹ ክፍለ ሀገር ወርደው አስተምረዋል። ግዴታ ስለነበር በጎ ፈቃድ አይባልም፤ ዓመቱ ግን ታስቦላቸዋል።

ወረዳዎችና ማኅበራት ሆይ፣ አንድ ገጽ ይበቃል፦ የተሠራው ሥራ፣ የሰዓቱ ብዛት፣ ያስተባበረው ሰው ስልክ። ቀጣሪዎችም ለጀማሪ መደብ ይህን እንደ ልምድ ያዙት፤ ከተጠራጠራችሁ ደውላችሁ ጠይቁ።

በዚህ ሰበብ የሚከፈልበትን ሥራ በነፃ ማሠራት ግን ነውር ነው። ገንዘብ ያዥ የሚያስፈልገው ድርጅት ገንዘብ ያዥ ይቅጠር። የታክሲና የምሳም ይታሰብ። አለዚያ በጎ ፈቃድ ቤተሰቡ የሚደጉመው ልጅ ብቻ የሚችለው ነገር ይሆናል፤ ልምዱ ይበልጥ የሚያስፈልገው የድሃው ልጅ ደጅ ይቀራል።

እናንተ በጎ ፈቃደኞችም የየዕለቱን ሥራችሁን ደብተር ላይ አስፍሩ። ክረምቱ ሳያልቅ፣ አስተባባሪው ሳይቀየር፣ ደብዳቤያችሁን ጠይቁ።