ጠጠርም ይሰረቃል እንዴ?

ኧረ በሕግ አምላክ! የጣሊያኗ ሰርዲኒያ ደሴት ላይ ካላ ጎሎሪትዜ የምትባል ትንሽ የባሕር ዳርቻ አለች። መኪና አይደርስባትም። ከጎልጎ አምባ ተነስተህ፣ ሸለቆውን ይዘህ 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ትወርዳለህ። መንገዱ ድንጋያም ነው፣ ግን ያምራል። 143 ሜትር ቀጥ ብሎ የቆመውን ቋጥኝ ስታይማ የጉልበትህን ሕመም ትረሳዋለህ።

እኔን ያንገበገበኝ ሰዉ ነው። በቀን ከ250 ሰው በላይ አይገባም፤ ቀድመህ ትመዘገባለህ፣ ትከፍላለህ። ይሁን፣ ደግ አደረጉ። ታዲያ ለጀልባ ከተከለከለው ውኃ ወዲያ የቆመው ጀልባ ሙዚቃውን ሲያምባርቅ ማን ሃይ ይበለው? ላቤን ጠብ አድርጌ የወረድኩት የሰው ጭፈራ ልሰማ ነው?

አንዷ ደግሞ ነጫጩን ጠጠር እየመረጠች ካልሲዋ ውስጥ ትጠቀጥቃለች። ካልሲ! በደሴቲቱ ሕግ ጠጠርና አሸዋ መውሰድ ከ500 እስከ 3,000 ዩሮ ያስቀጣል። ብነግራት «አንድ ሁለት ቢጎድል ምን ይሆናል?» አለችኝ። አይ ድፍረት!

ሽቅብ ስንመለስ ውኃ አለቀብኝ ብላ የለመነችው ማንን መሰላችሁ? እኔኑ። ያን ካልሲ እንዳንጠለጠለች።