የልጃችሁን ሰዓት መልሱ

የድሬ ዳዋ ሰዎች፣ «ሙያ» የምትለዋ ቃል በአፋችን ሁለት ትርጉም አላት። ስለ ወንድ ልጅ «ሙያ አለው» ስንል መካኒክ ነው፣ ግንበኛ ነው፣ ኤሌክትሪክ ያውቃል ማለታችን ነው። ስለ ሴት ልጅ «ሙያ አላት» ስንል ግን ወጧ ይጣፍጣል፣ እንጀራዋ ዓይን ያወጣል ማለታችን ነው። «የቤት ሥራ» የሚለውም እንዲሁ ነው። «የቤት ሥራህን ሠራህ?» የተባለ ልጅ ደብተሩን ይከፍታል፤ «የቤት ሥራሽን ሠራሽ?» የተባለች ልጅ መጥረጊያ ታነሳለች። ልጂቱ ይህን የምትማረው ፊደል ሳትቆጥር ነው። አምስተኛ ክፍል ስትደርስ ማንም ሳይነግራት ሙያዋ ሒሳብ ውስጥ እንዳልሆነ አምና ትቀመጣለች።

ይህ ተግሣጽ ልጆቻቸውን ለሚወዱ ሰዎች ነው። ደብተር ትገዛላችሁ፣ ዩኒፎርም ታሰፋላችሁ፣ የውጤት ካርድ ሲሰጥ ትሄዳላችሁ። በሩን ከፍታችሁላት ስታበቁ ግን ሰዓቷን ትወስዱባታላችሁ። የምንገሥጸው በዚህ ነው።

ቀትር ላይ ድሬ ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ አባት ጋደም ይላል፣ ወንድምየውም ምንጣፍ ላይ ይዘረጋል። በዚያች ሰዓት ከጓዳ የሚሰማው የሳህን ድምፅ ከማን እጅ ነው የሚወጣው? ዘርና ሃይማኖት አንለይም፣ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ብለን እንጠራለን እያልን የምንኮራ የአንድ ከተማ ልጆች ነን። ሳህኑ ግን ይለያል።

ይህ የሆነበት ምክንያት አለው። የቀፊራም የአሸዋም ገበያ የቆመው በእናቶች ጉልበት ነው፤ አትክልቱም ጫቱም ጨርቁም በእጃቸው ይሸጣል። እናት ጉሊት ስትውል የቤቷን ሥራ የሚረከባት ባሏ አይደለም፣ ትልቁ ወንድ ልጇም አይደለም። የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ ናት። በ14 ዓመቷ የቤት እመቤት ትሆናለች፤ ታናናሾቿን ታበላለች፣ ሊጥ ታቦካለች፣ ውሃ ስትጠፋ 20 ኪሎ የሚመዝነውን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ትሸከማለች።

እስኪ አብረን እንቁጠር። በእህትና በወንድም መካከል ያለው የሥራ ልዩነት በቀን 2 ሰዓት ብቻ ነው እንበል። በሳምንት 5 የትምህርት ቀን 10 ሰዓት ይሆናል፤ በ40 ሳምንት 400 ሰዓት። በቀን 6 ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱም 40 ደቂቃ ቢሆን፣ አንድ የትምህርት ቀን 4 ሰዓት ነው። ስለዚህ ከልጂቱ የተወሰደው 100 የትምህርት ቀን፣ ማለትም አንድ ሙሉ ሴሚስተር ነው፤ ያውም በየዓመቱ። ከዚያ ውጤቷ ዝቅ ሲል «ሴት ልጅ ፊዚክስ አይሆንላትም» እንላለን። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ለሴቶች ዝቅ ያለ ነጥብ ሲቆረጥ ደግሞ «በሴትነቷ ነው የገባችው» ብለን እናሳፍራታለን። ሴሚስተሩን የበላነው እኛ ነን፤ ኀፍረቱን የምትሸከመው እሷ ናት።

አሁን የምንላችሁን አድርጉ። አንድ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ዓምድ ይኑረው። 7 ቀን ሙሉ ማን ምን እንደሠራና ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት ጻፉ። «እሱም እኮ ያግዛል» የሚለው ወሬ በሦስተኛው ቀን ያበቃል፤ ሱቅ ደርሶ መመለስ 10 ደቂቃ ነው፣ እራት ሠርቶ ማንሳት 2 ሰዓት ነው። በስምንተኛው ቀን ሥራውን በሰዓት እኩል አካፍሉ። በዓይነት ብቻ ካካፈላችሁ ወንዱ አምፖል መቀየር ይደርሰውና በወር አንድ ጊዜ ይሠራል። «እህትህን አግዛት» አትበሉት፤ ማገዝ ማለት ሥራው የእሷ ነው ማለት ነው። «ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ሳህኑ ያንተ ነው» በሉት።

የት ላይ እንደሚበላሽም እንንገራችሁ፤ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው። ልጁ ሳህኑን አጣጥቦ ቅባቱን ሳያስለቅቅ ይደረድረዋል። እናት አይታ ትናደዳለች፣ «ተወው፣ አንቺ ነይ እጠቢው» ትላለች። በዚያች ቅጽበት ሁለት ትምህርት ተሰጠ፤ ወንዱ አበላሽቶ መሥራት እንደሚያሳርፍ ተማረ፣ ሴቷም ጎበዝ መሆን ሥራ እንደሚያበዛ ተማረች። እናቶች፣ እባካችሁ ታገሡ። ቅባት ያለበትን ሳህን ለዚያው ልጅ መልሱለት፤ ሙቅ ውሃና ሳሙና ስጡት፣ በጣቱ ሲዳስሰው ማንሸራተት እስኪያቆም ደግሞ ይጠበው። ጎረቤት «ልጇን ሴት አደረገችው» ቢል አትደንግጡ። ነገ ሌላ ከተማ ተመድቦ ዶርም ሲገባ እንቁላል መጥበስ የማያውቅ ወንድ አሳድጎ መላክ ነው የሚያሳዝነው። እሱንም ቢሆን «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እያልን ሆዱን ዘግተንበት፣ ሲከፋው ከበርጫ በቀር መሄጃ አሳጥተነዋል።

ስለ ወር አበባ በግልጽ እንናገራለን፤ አባቶችም ስሙ። ከ2 እስከ 7 ቀን ይቆያል። ሞዴስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መቀየር አለበት። ስለዚህ ተማሪዋ ትምህርት ቤት ሳለች አንድ ጊዜ መቀየሯ አይቀርም። መጸዳጃው ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ ከሌለው፣ ውሃና መጣያ ከሌለው፣ እቤት ትቀራለች። በወር 2 የትምህርት ቀን ብትቀር በ10 ወር 20 ቀን ነው፤ 4 ሳምንት። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ለ25 ሴት ተማሪዎች አንድ መጸዳጃ ነው። የወላጅ ኮሚቴዎች፣ የልጆቻችሁን ትምህርት ቤት በዚህ ለኩት፤ ከቀለምና ከአጥር በፊት መቀርቀሪያው ይገጠም።

ታጥቦ የሚደገም ጨርቅ የምትጠቀም ልጅ ቢያንስ 5 ወይም 6 ያስፈልጋታል። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፤ ሙቅ ውሃ ደሙን ጨርቁ ላይ ያደርቀዋል። ከዚያ በሳሙና ታሽቶ፣ በደንብ ተለቅልቆ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ነው። የድሬ ፀሐይ ጨርቅን ባጭር ጊዜ ድርቅ አድርጋ እያወጣች፣ ልጂቱ አባቷ እንዳያይ ብላ ፍራሽ ሥር ትደብቀዋለች። እርጥብ ጨርቅ መልሳ ስትለብስ ቆዳዋ ይቆስላል፣ ያሳክካል፣ ኢንፌክሽን ያመጣል። አባት፣ የልጅህ ጨርቅ ገመድ ላይ ቢሰጣ ክብርህ አይነካም። የሞዴስ ገንዘብ ከሳሙናና ከስኳር ጋር በወሩ አስቤዛ ውስጥ ይግባ፤ ልጅህ በየወሩ እንድትለምንህ አታድርግ። ነገሩንም ደሙን ከማየቷ በፊት፣ 10 ዓመት ሲሞላት ይነገራት። ከ7 ቀን ካለፈ ወይም በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያርስ ከሆነ ጤና ጣቢያ ውሰዷት።

ከመስታወቱም ፊት እናሳዝናታለን። «ጠቆርሽ እኮ፣ ፀሐይ በላሽ» የምትሉ አክስቶች፣ ለወንድሟ ይህን ስትሉ ሰምተን አናውቅም። ቃላችሁ ያደረሳት ገበያ ላይ በርካሽ ወደሚሸጠው የሚያቀላ ክሬም ነው። ክሎቤታሶል የሚባለው መድኃኒት ያለበት ክሬም ቆዳን ያሳሳል፣ ብጉርና ሸንተረር ያመጣል፤ ድንገት ሲቆም ፊት ይቀላል፣ ይቃጠላል። ሜርኩሪ ያለበት ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል። ለሰርግ ብላችሁ ለልጅ አትግዙ። ቆዳዋን ትታችሁ በዚህ ሳምንት ያነበበችውን ጠይቋት።

መምህራን፣ አለቃ ወንድ፣ ምክትል አለቃ ሴት የሚለውን ልማድ ተዉት። ጥያቄ ስትጠይቁ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ዝም በሉ። ፈጥነው እጅ የሚያወጡትን ብቻ ካናገራችሁ፣ አስባ የምትመልሰዋን ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሳትሰሟት ትቀራላችሁ።

ወደ አደባባዩ እንምጣ። ስንዱ ገብሩ በ1957 እ.ኤ.አ. ምርጫ አሸንፈው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ደንግጓል። በ2011 ዓ.ም. ሳህለ ወርቅ ዘውዴ ርዕሰ ብሔር፣ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ነበር። ላይ ይህ ሁሉ ሲሆን የሰፈራችን ስብሰባ ዛሬም ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ ድስት እሳት ላይ ሳለ ይጠራል። ወንዶች ፊት ይቀመጣሉ። ሴቶች በር አጠገብ ይቀመጣሉ፣ ድስቱን ለማየት ይወጣሉ፤ የውሃውና የትምህርት ቤቱ ጉዳይ በመጨረሻ ሲነሳ ወንበራቸው ባዶ ነው። ከዚያ «ሴቶቻችን አይናገሩም» ይባላል።

ሰብሳቢዎች፣ ሰዓት ከመቁረጣችሁ በፊት ሦስት እናቶችን ጠይቁ፦ አንዲት ገበያ የምትውል፣ አንዲት ደመወዝተኛ፣ አንዲት ቤት የምትውል። የውሃውን ጉዳይ የመጀመሪያ አጀንዳ አድርጉት። ከሴቶች ወገን እጅ ሳይነሳ ለወንድ ሁለተኛ ዕድል አትስጡ። ቡና የምታፈላዋም ስትጨርስ ተቀምጣ ትናገር፤ ሲኒውን ወንዶቹ ያንሱት። ጸሐፊው በቃለ ጉባኤው ላይ ማን እንደተናገረ በስም ይጻፍ፤ በሦስተኛው ስብሰባ መክፈቻ ላይ ስንት ሴት፣ ስንት ወንድ እንደተናገረ ተቆጥሮ ለቤቱ ይነበብ።