እስኪመሽ የሚጠብቅ ሰው ግንዛቤ አልጎደለውም

ሰሞኑን ደግሞ ያቺው የድሮ ካሴት ተከፈተች። የአዲስ አበባ ወንዞች የሚበከሉት "በኅብረተሰቡ የግንዛቤ እጥረት" ነው። ባለሥልጣናቱን አይሰለቻቸውም?

እሺ፣ ቆሻሻ በፌስታል ቋጥሮ ከድልድይ ላይ የሚወረውር አለ፣ ነውርም ነው። ግን ክሮም፣ ያ የቆዳ ፋብሪካ ቆዳ የሚያለፋበት ኬሚካል፣ በፌስታል አይቋጠርም። የፍሳሽ ማጣሪያ ለማንቀሳቀስ መብራት ይፈጃል፣ ኬሚካል ይገዛል፣ ባለሙያ ይቀጠራል። ቱቦውን ማታ ወንዝ ላይ መክፈት ግን በነጻ ነው። ይሄ ጥርት ያለ ሂሳብ ነው እንጂ የግንዛቤ ችግር አይደለም። ግንዛቤ የሌለው ሰው እስኪመሽ አይጠብቅማ!

ሕግ የለም እንዳይባል፣ የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ከ1995 ጀምሮ አለ። በ2001 የወጣው ደንብ ቁጥር 159 ደግሞ ለነባር ፋብሪካዎች ደረጃውን እስኪያሟሉ የ5 ዓመት እፎይታ ሰጣቸው። 2006 ላይ አለቀ ማለት ነው። ዘንድሮም ግን እፎይ ብለው የተቀመጡ አሉ። ታች በዚያው ውሃ ጎመን የሚያጠጣው ሰውዬ እፎይታ የሚባል ነገር መቼ ነው የደረሰው?

"አሁንማ የከተማው የወንዝ ብክለት ደንብ 180/2017 ወጥቷል፣ እየቀጣን ነው" ይሉኛል። እውነት ነው፣ እገሌ ድርጅት ፍሳሽ ወደ ወንዝ ለቆ ይህን ያህል መቶ ሺህ ብር ተቀጣ የሚል ዜና በየጊዜው አነባለሁ። ጎሽ። ብሩስ? ቅጣቱ የመንግሥት ገቢ ነው። የተበከለው ውሃ ግን ወደ መንግሥት ካዝና አልገባም፣ ቁልቁል አቃቂ ወርዶ አባ ሳሙኤል ግድብ ነው የገባው። እዚያ ከብቱን የሚያጠጣው፣ እግሩን ነክሮ ቆስጣ የሚተክለው ሰው ከቅጣቱ ሳንቲም አይደርሰውም፣ ውሃው ውስጥ ምን እንደተገኘ እንኳን የሚነግረው የለም። ተበዳዩ አንድ፣ ካሳ ተቀባዩ ሌላ። በየትኛው ሽምግልና ነው ይሄ የሚያስታርቀው? ላይ ቤቱን በ2011 "ሸገርን ማስዋብ" ብለን ፓርክ ጀመርንለት፣ ሳይክል መንገድ አነጠፍንለት። ታች ቤቱ የላይኛውን እጣቢ ይቀበላል። ለእኔ ይሄ ወንዝ ማጽዳት ሳይሆን ቆሻሻን ከዓይን ማራቅ ነው።

"ይክሰሱ" የሚሉም አሉ። የብክለት ቁጥጥር አዋጁ ላይ ያምራል፦ ማንም ሰው ራሱ መጎዳቱን ማሳየት ሳይጠበቅበት ያመለክታል፣ በ30 ቀን መልስ ካጣ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በ1999 ገደማ አንድ የባለሙያዎች ማኅበር ስለ አቃቂና ሞጆ ወንዞች የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከሶ ነበር። ውድቅ ሆነ። ጠበቃ የሞላው ማኅበር ያልሆነለትን የአቃቂ ገበሬ በየትኛው አቅሙ?

ቅዳሜ ጉሊት ሄጄ ቆስጣ አነሳሁ። "የአቃቂ ነው እንዴ?" አልኳት ሻጯን። ሳትቆጣ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ "ኧረ አይደለም የኔ እናት፣ የሆለታ ነው፣ በልጆቼ!" አለችኝ። ከእኔ በፊት የነበረችውም ይህንኑ ጠይቃ ነበር፣ ከኋላዬ የቆመችውም ጠየቀች። ሦስታችንም ገዛን።