ተኝቶ የመጣ ለቀስተኛ

ባለፈው እሑድ ኮዬ ፈጬ ለቅሶ ቤት ተቀምጫለሁ። ድንኳኑ በሁለት ብሎኮች መካከል ተተክሏል። ሌሊት የዘነበው ውሃ ሸራው ላይ አቁሮ፣ አንድ ጎረምሳ በመጥረጊያ እንጨት ከሥር እየገፋ ያፈሰዋል። ንፍሮው ዞሯል። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ደግ አዛውንት፣ ምንም ክፋት ሳያስቡ፣ ከአሜሪካ ወደመጣው የሟች ወንድም ልጅ ዞረው «መንገድ እንዴት ነበር ልጄ?» አሉት።

ከአሜሪካ የመጣ ሰው ዘንድሮ ይህ እንደማይጠየቅ እናንተ ታውቃላችሁ። እሳቸው ከየት ይወቁት?

«ተኝቼ ነው የመጣሁት አባባ» አለ። ቀጥሎ ስለቱ እንደሰመረለት ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በነጻ!»

ከዚያ በኋላ ለአርባ ደቂቃ ያህል የሟቿን ስም ያነሳ ሰው የለም።

እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ በባንክ ካርድ ነጥብ ሰብስበው ለሚበሩት፣ ለነጥብ ለቃሚዎች ያለኝ ክብር እጥፍ ሆኗል። ምን ያለ ትጉህ ሕዝብ ነው! እኛ ምስር ስንለቅም እነሱ ነጥብ ይለቅማሉ። አንዱ ባንክ «ካርዴን አውጣ፣ በሦስት ወር 4 ሺህ ዶላር አጥፋ፣ አሥር ሺዎች ነጥብ እሸልምሃለሁ» ይላቸዋል። እሺ ብለው ያጠፋሉ። የማያስፈልጋቸውን ፍሪጅ ይገዛሉ። ነጥቡ ማይል የሚሉት የአየር መንገድ ነጥብ ይሆናል፣ ማይሉ ቢዝነስ ክላስ፣ ያ የሚተኙበት ወንበር ይሆናል። ብዙ ሺህ ዶላር የሚያወጣውን ወንበር የአሜሪካን የደኅንነት ክፍያ 5 ዶላር ከ60 ሳንቲም ከፍለው ይተኙበታል። ይህን 5 ዶላር ከ60 ሳንቲም እንደ ዳዊት ነው የሚደግሙት። ለአንዳንዱ ካርድ በዓመት የሚከፍሉት ከ500 ዶላር በላይ ግን አይደገምም።

ቀደምቶቻቸውማ ሐውልት ይገባቸዋል። በፈረንጆቹ 1999 አንድ የካሊፎርኒያ መሐንዲስ፣ እሽጉ ላይ ያለው መለያ በማይል እንደሚቀየር አይቶ፣ ፑዲንግ የሚባለውን እንደ አጥሚት የወፈረ ጣፋጭ 12,150 ኩባያ ገዛ። መለያውን መላጥ ሲያቅተው ፑዲንጉን ለበጎ አድራጎት ሰጠና በጎ ፈቃደኞቹ ላጡለት። ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ማይል አገኘ። ሌሎቹ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የ1 ዶላር ሳንቲም እንዲለመድለት ብሎ የማድረሻ ሳያስከፍል ቤት ድረስ ሲሸጥ፣ በካርድ ገዝተው ከነሳጥኑ ወደ ባንክ ያስገቡት ነበር። ሳንቲሙ ገበያ ሳያይ ነጥብ ሆነ። መንግሥት በፈረንጆቹ 2011 በካርድ መሸጡን አቆመ። ምቀኛ መቼም የትም አይጠፋም።

ወደ ለቀስተኛችን ልመለስ። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ። 13 ሰዓት ገደማ ነው። ሻንጣ ጠባቂ ስለሆነ ይህን የኛ ሰፈር ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ታዲያ ቀጥታው ላይ በነጥብ የሚገኘው ወንበር ቁጭ የሚባልበት ብቻ ሆነ። የሚተኛበት ለነጥብ አልተከፈተም።

ስለዚህ ጀግናችን መጀመሪያ ወደ ቺካጎ በረረ። ቺካጎ ከዋሽንግተን በስተ ምዕራብ ናት። ወደ አፍሪካ ለመምጣት ለአፍሪካ ጀርባውን ሰጣት ማለት ነው። ከቱሉ ዲምቱ ቦሌ ለመሄድ በሱሉልታ እንደመዞር ነው። ልዩነቱ ሱሉልታ ላይ ሻምፓኝ አለመኖሩ ነው። ቺካጎ ላይ ላውንጅ የሚሉት የኤርፖርት ማረፊያ ክፍል ገብቶ የበላውን በዝርዝር ነገረን። እኛ ንፍሮ ይዘን ሰማነው። ከዚያ ፍራንክፈርት። ቀጣዩ የነጥብ አልጋ የሚገኘው በማግስቱ ስለሆነ እዚያው አደረ። ሆቴሉም በነጥብ ነው፣ የሌላ ካርድ ነጥብ። ከዚያ ኢስታንቡል። ኢስታንቡል ደግሞ ሌላ ላውንጅ፣ ሌላ ዝርዝር። ከአይብ ዓይነቶቹ አራቱን አሁንም አስታውሳለሁ፣ የሟቿን ዕድሜ ግን እስካሁን አላወቅሁም።

ፎቶም አለ። ስልኩ እንደ ንፍሮው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ነጭ አንሶላ፣ ትራስ፣ ከራስጌ ትንሽ መብራት፣ ከሥር ብርድ ልብስ የለበሰ እግር። አዛውንቱ መነጽራቸውን አውጥተው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ምን አሞህ ነበር?» አሉ።

«አይ አባባ፣ ወንበሩ ነው። ቁልፍ ሲነኩት ይተኛል።»

«ማን?»

«ወንበሩ።»

«አንተስ?»

«እኔም።»

«እግዜር ይማርህ» ብለው ስልኩን መለሱለት።

ከዚያ ዚፕ ያላት ትንሽ ቦርሳ ወጣች። ካልሲ፣ አውራ ጣት የምታህል የጥርስ ሳሙና፣ የከንፈር ቅባት፣ የዓይን መሸፈኛ። መሸፈኛውን ለሟች ባል ሰጣቸው። እንቅልፍ ካጡ አምስት ቀናቸው ነው፣ ግን እንቅልፋቸውን የነሳቸው መብራት አልነበረም።

አሁን ቀልዱን ላቁመው። ሴትዮዋ ያረፉት ማክሰኞ ነው። ይህን ልጅ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ጉልት ላይ ሽንኩርት ሸጠው ነው ያስተማሩት። ቤተሰቡ «ልጁ ይምጣ» ብሎ አስከሬኑን ሁለት ሌሊት አቆየ። ረቡዕ ቀጥታውን ቢይዝ ሐሙስ ጠዋት ቦሌ ይወርድ ነበር። ሐሙስ በ9 ሰዓት ተቀበሩ። ሐሙስ በ9 ሰዓት እሱ ፍራንክፈርት ነው። የገባው ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ነው። እኛ ጋ ቀብር የቀረ የዕድር አባል ይቀጣል፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ግን መተዳደሪያ ደንቡም አላሰበለትም። ሰውዬ፣ 13 ሰዓት ቁጭ ማለት ከበደህ? እሳቸው ጉልት ላይ ስንት ዓመት ቁጭ ብለዋል?

እሺ። ተረጋግቻለሁ። ወደ ምስጋናው።

«በነጻ» የምትለዋን ቃል በተለይ አደንቃለሁ። አሜሪካ ነጋዴው ከእያንዳንዱ የካርድ ሽያጭ ላይ 2 በመቶ ገደማ ይከፍላል። ከኪሱ አይደለም፣ ዕቃው ላይ ይጨምረዋል። ዕቃውን ደግሞ ካርድ የሌለውም በዚያው ዋጋ ይገዛል። በፈረንጆቹ 2010 የቦስተን ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ተመራማሪዎች አስልተውት ነበር። በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ ቤተሰብ በዓመት በአማካይ 149 ዶላር ለባለ ካርዶቹ ይሰጣል፣ ባለ ካርዱ ቤተሰብ ደግሞ 1,133 ዶላር ከጥሬ ገንዘብ ከፋዮቹ ይቀበላል። ዋሽንግተን መኪና ማቆሚያ የሚሠራው፣ ጉርሻውን በዶላር ኖት ተቀብሎ በዶላር ኖት ወተት የሚገዛው ወንድማችን፣ ሳያውቀው የአንሶላውን ጫፍ ይዟል። ወለድ የሚከፍለው አለ ደግሞ። ከ20 በመቶ የሚያልፍ ወለድ። እሱማ ትራሱ ነው።

ለቀስተኛችን ይህን አላነሳም። ያነሳው የራሱን ግፍ ነው። አየር መንገዶች አንድ ማለዳ ተነስተው፣ ሳይናገሩ ሳይጋግሩ፣ ትናንት 70 ሺህ ማይል የነበረውን ወንበር 90 ሺህ ያደርጉታል አሉ። ይህን ሲነግረን ዓይኑ እንባ አቀረረ። ድንኳኑ ውስጥ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እኛም አጽናናነው። በእኛው አቆጣጠር በ2016 ሐምሌ ብር በገበያ ይወሰን ተብሎ፣ 57 ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ሲያልፍ ያየን ሰዎች ነን፣ ሐዘኑ ይገባናል።

በሽታው ወደ አገር ቤትም ገብቷል። ሰሞኑን ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ሰልፍ ላይ ከፊቴ የቆመ ጎረምሳ በስልኩ የቢዝነስ ክላስ ቪዲዮ ያያል። ወንበሩ ሲዘረጋ መልሶ መልሶ ያያል። ተራችን ደርሶ ገባን። ለሦስት በተሠራው ወንበር ላይ አራት ሆነን ተቀመጥን። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል ጎረምሳው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ ጠጋ አለ።

ቅናት ያዘኝና እኔም ነጥቤን ልቆጥር ተነሳሁ። ከብሎካችን ሥር ካለው ሱቅ ስምንት ዓመት በዱቤ በልቻለሁ። ዘይቱ፣ ፓስታው፣ ሳሙናው። ባለሱቁን «ስንት ነጥብ አለኝ?» አልኩት። ደብተሩን ገልጦ ስሜ ጎን በቀይ የተነጠቡ አራት ነጥቦች አሳየኝ። «ሳትከፍል ያለፍክባቸው ወሮች ናቸው» አለኝ።

የቀረኝ ዕድሩ ነው። ሳስበው ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። በየወሩ ትከፍላለህ፣ ዋጋህ አይወርድም። መጨረሻ ላይ ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋ አልጋ አለው። ሰው ተሸክሞህ ትሄዳለህ። ቄሱ ከፊት ናቸው፣ ሰልፍ የለም፣ ሁሉም መንገድ ይለቅልሃል። «ቦታ አልተከፈተም» የሚልህ የለም። የመልስ ትኬት ብቻ ነው የሌለው።

ያን እሑድ ወደ ማምሻው የዕድሩ ጸሐፊ ደብተራቸውን ይዘው መጡ። አሥራ አንድ ብርጭቆ ተሰብሯል፣ የወጥ ቤቱም ቀሪ ሒሳብ አለ። ባልየው ኪሳቸውን ሲዳብሱ ጀግናችን ብድግ አለ። «ተዉት፣ እኔ እከፍላለሁ።» ሁላችንም መረቅነው። በሆዴ ይቅርታ ልጠይቀው ሁሉ ከጀለኝ። ከቦርሳው ጥቁር የብረት ካርድ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ቃጭ አለ።

«ምግብ በሚለው ከመዘገባችሁት ሦስት እጥፍ ነጥብ አለው» አለ።

ጸሐፊው ካርዱን አነሱት። አገላበጡት። በጥፍራቸው ኳ ኳ አደረጉት።

«ልጄ» አሉት፣ «ቴሌብር የለህም?»