ማስተካከያ፦ ስኮትች-አይሪሾች በድንች ረሃብ አልተሰደዱም

ባለፈው ስለ አሜሪካ ጠረፍ ሰፋሪዎች ስጽፍ «ስኮትች-አይሪሾች በድንች ረሃብ የተሰደዱ የአየርላንድ ካቶሊኮች ናቸው» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፣ ያውም ክፉኛ። አየርላንድ ውስጥ የድንች ሰብል በበሽታ ሲጠፋ የመጣው ያ ረሃብ የጀመረው በ1845 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። እነዚህኞቹ ግን ከ1717 አካባቢ ጀምሮ እስከ አሜሪካ አብዮት ድረስ ሲጎርፉ ነበር፤ ሃይማኖታቸውም በአብዛኛው ፕሬስቢቴሪያን (ከፕሮቴስታንት ክፍሎች አንዱ) ነው። ቅድመ አያቶቻቸው በ17ኛው መቶ ዘመን በብዛት ከደቡብ ስኮትላንድ፣ ከፊሎቹም ከሰሜን እንግሊዝ ተነስተው ሰሜን አየርላንድ፣ አልስተር ውስጥ ሰፈሩ። እዚያ የመሬት ኪራይ ሲንርባቸው፣ አዝመራው ሲከዳቸው፣ የመንግሥቱ ሃይማኖት የሆነው የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን አባል ባለመሆናቸውም ከመንግሥት ሹመት ሲገፉ ጊዜ መርከብ ተሳፍረው ብዙዎቹ ፔንሲልቬንያ ወረዱ፤ ከዚያም በሸናንዶዋ ሸለቆ አድርገው እስከ ካሮላይና ዘለቁ። የፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ወላጆችም በ1765 ከአልስተር የመጡ ናቸው።

«ኬልቶች»፣ ማለትም ጌሊክን የመሰሉ ቋንቋዎች የሚናገሩ ሕዝቦች፣ ያልኳቸውም ያከራክራል። ከስኮትላንድ ቆላ የመጡት በአብዛኛው የሚናገሩት ስኮትስ ነበር፤ እሱ ደግሞ የእንግሊዝኛ ዘመድ እንጂ የጌሊክ አይደለም። ጌሊክ ተናጋሪ ሰፋሪ አልነበረም እያልኩ አይደለም፣ ነበረ። ሁሉንም አንድ ከረጢት ውስጥ መክተቴ ነው ጥፋቱ።

ከግንድ የሚሠራውን ጎጆም «የነሱ ፈጠራ» ብዬ ነበር፣ ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። ጥበቡን ያመጡት በደላዌር ወንዝ ዳር ቀድመው የሰፈሩት ስዊድኖችና ፊንላንዳውያን፣ ኋላም ጀርመኖች ናቸው። ስኮትች-አይሪሾቹ ከጎረቤት ኮርጀው ነው።