የምክር ክፍሉ በር የት ነው?

ስለ ተማሪዎች የምክር አገልግሎት ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ በዩኒቨርሲቲዎች የሥነ ልቦና አማካሪዎች ቁጥር መጨመር እንዳለበት ማሳሰቡ ተገቢ ቢሆንም፣ ተማሪው አማካሪው ዘንድ እንዳይደርስ የሚያደርገውን ነገር ሳይነካ ማለፉ ቅር አሰኝቶኛል። እኔ በተማርኩበት ግቢ የምክር ክፍሉ በር ከሬጅስትራር ሰልፍ ፊት ለፊት ነበር። የዶርም ጓደኛዬ ሁለት ጊዜ እስከ በሩ ሄዳ፣ የክፍላችንን ልጆች ስታይ የውጤት ወረቀት የምትጠይቅ መስላ ሰልፉ ጫፍ ላይ ቆማ ተመልሳለች።

አሁን የምኖረው ጅማ፣ ተማሪዎች በሚከራዩበት ሰፈር ነው። ፈተና ሲቃረብ ጫት ቅመው የሚያነጉ ልጆች መብራት ከመስኮቴ ይታየኛል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ በመሆኑ እንቅልፍ ይነሳል፣ ጭንቀትንም ሊያባብስ ይችላል፤ ስለዚህ አማካሪው «ምን ያስጨንቅሃል?» ከማለቱ በፊት «ስንት ሰዓት ትተኛለህ?» ብሎ ቢጀምር ብዙ ነገር ይገለጥለታል ብዬ አምናለሁ። በሰፊው የሚሠራበት ባለ 9 ጥያቄ የድብርት መለያ መጠይቅም ቢሆን ያለፉትን 2 ሳምንታት እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይጠይቃል።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚታወቀው ተማሪውን ወደ ኅብረተሰቡ በሚያወጣ የትምህርት ፍልስፍናው ነው። ያው አካሄድ ለምክር አገልግሎቱም ቢውልና አማካሪዎቹ (ከተቻለ አማርኛና አፋን ኦሮሞ የሚችሉ) በሳምንት ሁለት ምሽት ወደ ዶርሞቹ ቢወርዱ፣ እንደ ጓደኛዬ ያለች ተማሪ በሰው ፊት በር ማንኳኳት አይጠበቅባትም ነበር።