የሚስትህ የጥርስ ብሩሽ ምን ቀለም ነው?

ሀበሻ ትዳሩን የሚያሳየው ለሦስት አካል ነው። ለቤተሰብ፣ ለንስሐ አባትና ለሠርግ ቪዲዮ። አሜሪካ ለሚኖር ግን አራተኛ ተመልካች ይጨመርበታል፤ የኢሚግሬሽን ኦፊሰር። ሰውየው ሠርግ አልተጠራም። ጠጅ አልቀመሰም። ስጦታም አላመጣም። ግን "እውነት ባልና ሚስት ናችሁ?" ብሎ የመጠየቅ ሥልጣን አለው። ማስረጃ የማቅረቡ ዕዳ ደግሞ የእናንተ ነው።

ይህን ጉድ በቅርብ ያየሁት ሚዜ ሆኜ ነው። ሙሽራው ለትምህርት ሜሪላንድ መጥቶ በፍቅር የተያዘ ወዳጄ ነው። ሙሽሪት ሲልቨር ስፕሪንግ ያደገች፣ ዜግነት ያላት ነርስ ናት። ፍቅራቸው የምር ነው። ችግሩም የመጣው ከዚያ ነው። የምር የሚዋደድ ሰው ደረሰኝ አይሰበስብም።

ለግሪን ካርድ ሲሉ በኮንትራት የሚጋቡትን ብታዩ ፋይላቸው ኩልል ያለ ነው። የጋራ የባንክ ሒሳብ አለ። በበረዶ የተነሡት ፎቶ አለ፣ በባሕር ዳርቻ የተነሡት አለ። ባልየው የሚስቱን የጫማ ቁጥር ሳይቀር ሸምድዷል። ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1986 የጋብቻ ማጭበርበር ሕግ ያወጣው እነሱን አስቦ ነው። የተያዘ እስከ 5 ዓመት እስርና እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት ይጠብቀዋል። ሕጉ ለእነሱ ወጣ፤ መከራው ግን ለእኛ ሙሽራ ተረፈ።

ነገሩ የተጀመረው በወጉ ነው። ሽማግሌ ተላከ። የተላከው ለሙሽሪት ታላቅ አክስት፣ ሁላችንም "እትዬ" ለምንላቸው ሴት ነው። ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ሽማግሌዎቹ "ተቀመጡ" ሲባሉ "የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም" ብለው ቆሙ። ተለመኑ፣ ለመኑ፣ ተፈቀደ፣ ተቀመጡ።

ከዚያ ሙሽሮቹ ሮክቪል ፍርድ ቤት ሄዱ። ሜሪላንድ የጋብቻ ፈቃድ ካወጣህ በኋላ 48 ሰዓት ታስጠብቃለች። ሐሳብህን ብትቀይር ተብሎ መሰለኝ። እነሱ አልቀየሩም። ተመልሰው ቃል ገቡ፣ ፈረሙ፣ ምሳ ክትፎ በላን። በአሜሪካ ሕግ ባልና ሚስት ሆኑ።

በእትዬ ሕግ ግን አልሆኑም።

"ይሄ ፊርማ ነው እንጂ ጋብቻ ነው እንዴ?" አሉ። "ቄስ የለ፣ ተክሊል የለ፣ ድግስ የለ!" ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። እስከዚያ ልጅቷ ከቤታቸው ንቅንቅ አትልም። ልጁም የአጎቱ ልጅ ጋ እንደተቀመጠ ይቆያል።

ለሙሽራው ግሪን ካርድ ጉዳይ የያዙት ሎየር ይህን ሲሰማ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"ተጋብታችኋል፤ ግን አብራችሁ አትኖሩም?"

"አክስቷ አልፈቀዱም" አለ ሙሽራው።

ሎየሩ ፎርሙን አገላበጠ። አክስት የሚሞላበት ቦታ የለም።

ስለዚህ እነዚያው ሽማግሌዎች እንደገና ተላኩ። እንደገና ቆሙ። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ "የመጣነው እንኳ ልጅዎን ለልጃችን አድራሻ ልንለምን ነው" አሉ። እንዲህ ያለ ሽምግልና በአያት ቅድመ አያት የተሰማ አይመስለኝም። እትዬ ብዙ ካንገራገሩ በኋላ በአንድ ነገር ተስማሙ። አብረው ይኑሩ፤ ግን እሳቸው ቤዝመንት ውስጥ።

አድራሻ ተገኘ። አሁን ደግሞ የኪራይ ውል ያስፈልጋል።

"ከገዛ ልጄ ጋር ውል ልፈራረም?" እትዬ ተቀየሙ። የምር ነው የተቀየሙት፤ ሁለት ቀን ቡና አላፈሉም። ልጆቹ በየወሩ ኪራይ ብለው ጥሬ ገንዘብ እጃቸው ላይ ያስቀምጣሉ። እሳቸው በበርበሬ፣ በሽሮና በቅቤ ይመልሱላቸዋል። መብራቱም፣ ውሃውም፣ ኢንተርኔቱም በእሳቸው ስም ነው። በወረቀት ሲታይ እነዚህ ባልና ሚስት በጨለማ፣ ያለ ውሃ፣ ከማንም ሳይከራዩ ነው የሚኖሩት። በመጨረሻ እትዬ በገዛ እጃቸው በአማርኛ ደብዳቤ ጻፉ። "ከእኔ ጋር ይኖራሉ። የምንበላው ከአንድ መሶብ ነው። ዋሳቸው እኔ ነኝ።" ይህ ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ። ተርጓሚው ትርጉሙ ትክክል ስለመሆኑ ፈርሞበት ፋይል ውስጥ ገባ።

የጋራ ገንዘብስ? የእሷ ቁጠባ እቁብ ውስጥ ነው። "የእቁቡን ስቴትመንት አምጡ" አለ ሎየሩ። የእቁቡ ሰብሳቢ ግን የሚጽፉት በደብተር ነው። ደብተሩን ለማንም አያሳዩም። ባንክ ይህን ያህል ምስጢር ቢጠብቅ ጥሩ ነበር።

ፎርሙ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። "አባል የሆንክባቸውን ድርጅቶችና ማኅበራት ሁሉ ጥቀስ" ይላል። የእኛ ሙሽራ ሐቀኛ ነው። የሚካኤል ጽዋ ማኅበር ብሎ ጀመረ።

"የማኅበሩ ዓላማ ምንድን ነው?" አለ ሎየሩ።

"በየወሩ በ12 እንሰበሰባለን።"

"ተሰብስባችሁ ምን ታደርጋላችሁ?"

"እንጸልያለን። ከዚያ ጠላ እንጠጣለን።"

"መሪያችሁ ማን ነው?"

"ሙሴው።"

ሎየሩ ዝም ብሎ ጻፈው። ቀጥሎ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበርክ ወይ የሚለው መጣ። ሙሽራው ደርግ ሲወድቅ አልተወለደም። ቢሆንም አባቱ ኢሠፓ ስለነበሩ ላብ አጠመቀው። "የተጠየቅከው አንተ ነህ" ብሎ ሎየሩ አሳረፈው።

የሙሽራው እናት ስም ሲጠየቅ ደግሞ ሙሽሪት "እማምዬ" አለች። ሌላ ስም አታውቅም። ማንስ አማቱን በስሟ ይጠራል? እሷ ራሷ ደሴ ደወለች።

"እማምዬ፣ ሙሉ ስምዎን ከነልደትዎ ፈልጌ ነበር።"

"ምነው ልጄ? ስሜ ምን አረገሽ? ጠንቋይ ጋ ልትሄዱ ነው?"

እውነታቸውን ነው። በእኛ አገር የሰው ስም ከነእናት ስም፣ ከነተወለደበት ቀን የሚፈልግ ሌላ መሥሪያ ቤት የለም። ለማንኛውም እማምዬ የተወለዱት "አብዮቱ የፈነዳ ዓመት፣ በፍልሰታ" ነው። ፎርሙ ግን ወር፣ ቀን፣ ዓመት ይፈልጋል።

ዋናው መከራ ፎቶ ነበር። የእነዚህ ልጆች ፎቶ መዓት ነው፤ ክርስትና፣ ልደት፣ ምርቃት፣ ማኅበር። ግን በሁሉም ፎቶ ላይ እትዬ መሃል ላይ ቆመዋል። ልጆቹ ግራና ቀኝ ዘብ ቆመዋል። "ሁለቱ ብቻ የተነሡት የለም?" አለ ሎየሩ። አንድ ተገኘ። ጥግ ላይ የእትዬ ነጠላ ይታያል። "እስቲ ትንሽ ቀረብ ብላችሁ ተነሡ" ሲላቸው ሙሽራው ዘወር ብሎ በሩን አየ። እትዬ አልነበሩም። ቢሆንም አልቀረበም።

እኔም ምስክርነት ጻፍኩ። ሚዜ ድሮ ሙሽራውን አጅቦ፣ ጨፍሮ፣ በልቶ ነው የሚገላገለው። ዛሬ "ብዋሽ በሕግ ልጠየቅ" ብሎ ይፈርማል። የመጀመሪያው ጽሑፌ "ሁለቱም ጨዋ ልጆች ናቸው" ይላል። ሎየሩ መለሰልኝ። "ጨዋነት ማስረጃ አይደለም። በዓይንህ ምን አየህ?" አሰብኩ። ከዚያ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ጨው የበዛበት ወጥ ሠርታ አቀረበች። እኔ አንድ ጎርሼ ተውኩ። እሱ 'ይጣፍጣል' እያለ ጠረገው።" ሎየሩ ወደደው።

ማስፈራሪያ ካላችሁ ደግሞ የስፖንሰርነቱን ፎርም አንብቡ። ሙሽሪት ገቢዋ ከድህነት መለኪያው 125 በመቶ በታች እንዳልሆነ አሳይታ፣ ሰውየውን ልትደግፍ ትፈርማለች። ኃላፊነቱ የሚያበቃው ዜጋ ሲሆን፣ 10 ዓመት ገደማ የሚሆን ሥራ ሲቆጠርለት፣ አሜሪካን ጨርሶ ለቆ ሲሄድ ወይም ሲሞት ነው። ቢፋቱስ? ፍቺ እንኳ አይፈታውም። ቄሱ ሳይጠየቁ ኢሚግሬሽን በሌላ በር ተክሊል ደፋላቸው ማለት ነው።

ክፍያው እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 ወዲህ ለጋብቻው ማመልከቻ በወረቀት 675፣ ለግሪን ካርዱ 1,440 ዶላር ነው። ሎየሩ ለብቻ። ክትባትና ሐኪም ለብቻ። ሐኪሙ ውጤቱን በታሸገ ፖስታ ሰጥቶ "እንዳትከፍት" ይልሃል። ስለ ራስህ ጤና መሆኑ ነው።

ከዚያ መጠበቅ። ሙሽራው ከሦስት ፊደልና ከአሥር አኃዝ የተሠራ የኬዝ ቁጥር ተሰጠው። ከውዳሴ ማርያም ይልቅ እሷን ደገማት። ሌሊት እየተነሣ ስልኩ ላይ ያያል። "ማመልከቻዎ ደርሶናል" ይላል። በነጋታውም ደርሷቸዋል። ወርክ ፐርሚቱ እስኪመጣ ሥራ የለም። የጉዞ ፈቃድ ሳይኖረው ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወ ሊቆጠርበት ይችላል፤ የእህቱን ሠርግ በኢሞ አየ። ቤት ውሎ ሽሮ መሥራት ለመደ። ይህን ለእማምዬ እስከ ዛሬ የነገራቸው የለም።

እኛ ሰፈር ካፌ ደግሞ ያልተመረቀ ሎየር ሞልቷል። አንዱ "ለየብቻ አስገብተው ነው የሚያፋጥጧችሁ" ይላል። ይህስ እውነት አለው። በኒው ዮርክ ከ1970ዎቹ የፍርድ ቤት ክርክር የመጣ "ስቶክስ" የሚሉት ኢንተርቪው አለ፤ ጥርጣሬ ሲኖር ባልና ሚስትን ለይተው አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃሉ፣ መልሱን ያመሳክራሉ። ሌላው ተቀብሎ "የጥርስ ብሩሽ ቀለም ይጠይቃሉ" ይላል። እሱ ራሱ የመጣው በዲቪ ነው።

በዚህ የተነሣ ቤዝመንቱ ውስጥ ልምምድ ተደረገ። ኦፊሰሯ እትዬ ናቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ሙሽሪት ከዩቲዩብ የገለበጠችውን ወረቀት ያዙ።

"ስትተኙ በየትኛው ጎን..." ወረቀቱን ዘቀዘቁት። "ይሄን ነውር ዝለሉት።"

"እትዬ፣ ኦፊሰሩ እኮ አይዘለውም።"

"እኔ እዘለዋለሁ። መጨረሻ የተጣላችሁት መቼ ነው?"

"ተጣልተን አናውቅም" አለ ሙሽራው።

"ማክሰኞ" አለች ሙሽሪት።

"እሱ ጭቅጭቅ ነው እንጂ ጠብ ነው?"

"ለአንተ ነዋ ጭቅጭቅ!"

ተጀመረ። እትዬ ሰዓታቸውን አዩና "መጨረሻ የተጣሉት ዛሬ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሩብ" ብለው ጻፉ። ነገሩ በረድ ሲል ቀጠሉ።

"የጥርስ ብሩሽዋ ምን ቀለም ነው?"

"ነጭ" አለ ሙሽራው።

"ሐምራዊ ነው!"

"እንዴ! ሐምራዊው የኔ አይደለም?"

ቤቱ ጸጥ አለ። ሙሽሪት እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ሎየሩን ብሆን ሌላውን ወረቀት ሁሉ ትቼ ይህችን ብቻ ይዤ እቀርብ ነበር። በኮንትራት ተጋብቶ በአንድ ብሩሽ የሚፍቅ ሰው እስቲ አምጡልኝ።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ተደገሰ። ግማሽ ሲልቨር ስፕሪንግ መጣ። ከዚያም ስንት ወር ቆይቶ የቀጠሮው ደብዳቤ ደረሰ፤ ባልቲሞር፣ በጠዋት። ፋይሉ በእጅ አይያዝም፣ ጎማ ባለው ሻንጣ ተጎተተ። እኔ ሾፌር ሆኜ መኪና ውስጥ ቀረሁ፤ የውስጡን የነገሩኝ እነሱ ናቸው።

ኦፊሰሩ እጃቸውን አስነሥቶ አስማላቸው። እንዴት ተዋወቃችሁ አለ። ነገሩት። ከዚያ "የተጋባችሁት መቼ ነው?" ሲል ሁለቱም እኩል መለሱ። እሱ የሮክቪሉን ቀን፣ እሷ የቤተ ክርስቲያኑን።

ኦፊሰሩ ቀና አለ። እስክሪብቶው ቆመ።

ሙሽሪት ተርበተበተች። "በሕግ እሱ ያለው ነው። ግን አክስቴ ያኛውን አይቆጥሩትም፣ ቄስ ስላልነበረ፣ እኔም እሳቸው ቤት ስለምኖር..." ትንፋሽ አጠራት።

ሰውየው ፎቶዎቹን አገላበጠ። አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፣ ሦስተኛውን አየ። "አክስትሽ ይቺ ሁሉም ቦታ መሃል ላይ ያለችው ሴትዮ ናት?"

"አዎ።"

ጥያቄውን እዚያው ላይ ቋጨው። ስለ ጥርስ ብሩሽ ትንፍሽ አላለም።

ካርዱ በፖስታ መጣ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ሙሽራው ግን ካርዱን ሲያይ የሚያበቃበት ቀን ላይ ዓይኑ አረፈ። ካርዱ በጸደቀበት ቀን ሁለት ዓመት ያልሞላው ትዳር የሚሰጠው የሁለት ዓመት ካርድ ብቻ ነው። ሊያበቃ 90 ቀን ሲቀረው አብረው እንዳሉ እንደገና ማስረጃ አቅርበው ማመልከት አለባቸው።

"ሁለት ዓመት?" አሉ እትዬ። "ተክሊል የተደፋበትን ትዳር?"

"ካርዱን ነው እንጂ ትዳሩን አይደለም፣ እትዬ።"

"እና እንደገና ፎቶ? እንደገና ደረሰኝ?"

"እንደገና።"

እትዬ ስኒያቸውን አስቀመጡ። "በሉ ያንን ውል የምትሉትን አምጡ፣ እፈርማለሁ" አሉ። "ኪራዩም ይጨምራል።"